የመንበረ ቤት ቧንቧ

መንበረ ቤቷ እየሄደባት መሆኑን ያወቀችው ግድግዳው ከመውደቁ ብዙ ቀደም ብላ ነው። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ሳያውቅ ለተጎዳ ሰው ይታዘንለታል፤ እያየ፣ በእጁ እየዳሰሰ ዝም ላለ ሰው ግን ምን ይባላል? ለዚህ ያለን አንድ ቃል ነው፤ ይሉኝታ። ስንት ሰው እንደጨረሰ የሚቆጥር ሐኪም ስለሌለ ነው እንጂ፣ በእኛ አገር ከወባ የሚያንስ በሽታ አይደለም።

መንበረ ለዲላ እንግዳ አይደለችም። ከሸኖ ብርድ ተድራ የመጣችው ገና በአፍላነቷ ነው። ባሏ ጥበቡ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ነበረው። ለሙሽራዪቱ ብሎ ዳገቱ ላይ ቤት ሠራ፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ልስኑ ሲሚንቶ፣ ጓሮው እንሰት፣ ደጁ ላይ አንድ የአቮካዶ ዛፍ። በመጀመሪያው ዓመት መንበረ ጭቃውን እያየች ታለቅስ ነበር። በሸኖ ዝናብ ክረምትን ጠብቆ ይመጣል፤ እዚህ ግን ደስ ሲለው ይመጣል፣ ደስ ካላለው ደግሞ አይሄድም። እያደር ለመደችው። ኤልቤቴልን በዚያ ቤት ወለደች፣ ጥበቡን ከዚያ ቤት ሸኘች፣ ከጥበቡ በኋላ ሱቁ ሲዘጋም የጓሮ ክፍሎቹን ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች እያከራየች ማንንም ሳታስቸግር ኖረች።

ልጇ ኤልቤቴል አዲስ አበባ አግብታ ኮንዶሚኒየም ላይ ነው የምትኖረው። በደወለች ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «እማዬ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ ብቻሽን? ሽጪውና ነይ።» መንበረ አንድ ጊዜ ሄዳ አይታዋለች። ልጇ አልከፋችባትም፤ አማቿም ጨዋ ሰው ነው። ግን ውሃ ለመጠጣት እንኳ ፈቃድ የምትጠይቅ እየመሰላት፣ ጨጓራዋ ታሞ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ፈጣሪዋን የምትለምነው በራሷ ደጅ አርጅታ በራሷ አልጋ ላይ መሞትን ብቻ ነው። ቤቱ ካለ መንበረ ሰው ናት፤ ቤቱ ከሌለ የልጇ ጥገኛ ናት።

ቧንቧ ወደዚያ ቤት የገባው ኤልቤቴል ዳዴ ስትል ነው። እስከዚያ ድረስ መንበረ ልጇን አዝላ፣ ጀሪካኗን አንጠልጥላ የሰፈሩ ቦኖ ላይ ወረፋ ትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ጥበቡ ጋሽ ደጀኔን ይዞ መጣ። ጋሽ ደጀኔ ያኔ በዲላ ስማቸው የተጠራ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ለብረቱ ጫፍ በእጃቸው ጥርስ አውጥተው መጋጠሚያውን ውሃ እንዳያፈስ በቃጫና በቀለም ጠቅልለው የሚያስሩ። መስመሩን በውጭ በኩል እናድርገው ቢሉ ጥበቡ አሻፈረኝ አለ። በዚያን ጊዜ ቧንቧን ግድግዳ ውስጥ መቅበር ሥልጣኔ ነበር፤ በውጭ የሚታይ ቧንቧ ለትምህርት ቤትና ለእስር ቤት ነው ይባል ነበር። ስለዚህ የመኝታ ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ተቦርቡሮ ብረቱ ገባበት፣ ተመረገ፣ ተለሰነ። ውሃው መውረድ ሲጀምር ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊል መጣ። አጥር የምትጋራት ሀዲጃ በእፍኟ ቀድታ ፊቷን ታጠበችበት። ጭቃ ውስጥ ውሃ መቅበር ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ማንም አላሰበም።

መንበረ ቤቷን የምትጥል ሴት አይደለችም። ውሃ የሚያግደው የቧንቧው ጎሚኒ ሲበላ ሳይውል ሳያድር ታስቀይራለች፣ የውሃ ሮቶዋን በየጊዜው ታሳጥባለች፣ ውሃ ስትጠፋም እንደ ሌላው ቧንቧውን ክፍት ትታ ከቤት አትወጣም። ለሁሉም የምትጠራው ጋሽ ደጀኔን ነው።

ጥበቡ የሞተው በከባድ ዝናብ ሰሞን ነበር። መቃብሩ ተቆፍሮ ሲያልቅ ውሃ ሞላው፤ ቢቀዱት ተመልሶ ሞላ። የእድሩ ሰዎች ጃንጥላቸውን ይዘው «ምን ይደረጋል፣ እግዚአብሔር ያመጣው ነው» ሲባባሉ ጋሽ ደጀኔ ካፖርታቸውን አውልቀው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። በባልዲ እየቀዱ፣ በጎን ቦይ እየቀደዱ፣ ከሥር ድንጋይ እየደረደሩ ደረቅ መሬት አወጡለት። መንበረ ከሴቶቹ መሀል ሆና ታያቸው ነበር። ባሌ ውሃ ላይ እንዳይተኛ ያደረገልኝ ሰው ነው አለች በልቧ። እንዲህ ያለ ውለታ ተከፍሎ አያልቅም።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከአልጋዋ ራስጌ ግድግዳው ላይ እርጥብ ቦታ ታየ። በመጀመሪያ የሳህን ያህል ነበር። መንበረ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብላ ያኑ ዕለት ደወለች፤ ጋሽ ደጀኔም ያኑ ዕለት መጡ። ልስኑን በመሮ ፈልፍለው፣ መጋጠሚያውን አጥብቀው፣ መልሰው መረጉት። መንበረ አጠገባቸው ቆማ ያየችውን ማየት አልፈለገችም። መፍቻው እግራቸው ሥር ተቀምጦ ሳለ «እስቲ መፍቻውን አቀብይኝ» አሏት። ቃጫውን ሲጠቀልሉ ጣታቸው ብረቱን ይዳብሳል፣ ዓይናቸው ግን ወደ መስኮቱ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል።

ሳምንት ሳይሞላው እርጥቡ ተመለሰ፤ ሰፌድ አክሎ። ደግማ ጠራቻቸው፣ ደግመው መጡ። በመጡ ቁጥር ግድግዳው ይቦረቦራል፣ ያረጀው ብረት ይነካካል፣ ውሃው በአንዱ መጋጠሚያ ሲቆም በሌላው ይጀምራል። ሲጨርሱ አንድም ቀን «ተሠራ» ብለው አያውቁም። «እንግዲህ እንየው» ይሉና፣ ምሳ ቅመሱ ብትላቸው እምቢ ብለው ይሄዳሉ። መንበረ ይሄን ትሕትና ነው ያለችው።

ታዲያ ሌላ ሰው ለምን አልጠራችም የሚል ካለ የዚህን አገር ሰው አያውቅም። አንድ ባለሙያ በያዘው ቤት ላይ ሌላ ባለሙያ አይገባም። ሐኪም መቀየር ይቻላል፤ ነፍስ አባት መቀየርም እየከበደ ይቻል ይሆናል። የእድር ሰው የሆኑትን ሽማግሌ ግን በየትኛው አፍ «ይቅርብኝ» ይሏቸዋል? እሑድ በእድሩ ስብሰባ ፊት ለፊት መቀመጥ አለ፤ ለቅሶ ቤት አብሮ መዋል አለ። መንበረ ገና ስታስበው ፊቷ ይግላል።

የጓሮዋን ትልቁን ክፍል የተከራየችው ቦንቱ ይሄ አይገባትም። ከነቀምት የመጣች የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፤ ነገር አታዞርም።

«እትዬ መንበረ፣ ሰውዬው እኮ አያዩም» አለቻት አንድ ቀን አብረው ልብስ ሲያሰጡ። «ገመቹን ለምን አንጠራውም? የጓደኞቼን ቤት ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። አሪፍ ባለሙያ ነው።»

«ጋሽ ደጀኔንስ ምን እላቸዋለሁ?»

«በቃ፣ አመሰግናለሁ፣ ሌላ ሰው አግኝቻለሁ ይበሏቸው።»

«አንቺ ልጅ! ሰው እንዲህ ይባላል እንዴ?»

«ታዲያ ቤቱ ይውደቅ?»

«አታሟርቺብኝ!»

ሰው እውነቱን ላለመናገር የሚደክመውን ያህል ለሌላ ሥራ ቢደክም ስንት አገር በተሠራ! መንበረ ለጋሽ ደጀኔ «ተሽሎታል» አለቻቸው፤ ግድግዳው የታመመ ዘመድ ይመስል። ቁም ሳጥኑን ገፍታ እርጥቡን ጋረደችው። ውሃውን ከቆጣሪው ጠርቅማ እንዳትዘጋ፣ የተከራዮቿም መስመር የሚያልፈው በዚያው ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ውሃ የሌለው ክፍል ደግሞ ማን ይከራያል? ስለዚህ ጠዋት ትከፍታለች፣ ረፋድ ላይ ትዘጋለች፣ ማታ ትከፍታለች። መኝታ ቤቱ መሽተት ጀመረ። አንድ ቀን ቁም ሳጥኑን ስትከፍት የጥበቡ ሙሉ ልብስ፣ ለማስታወሻ ብላ ያስቀመጠችው፣ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ሻጋታ ለብሷል። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ያን ቀን ቆረጠች። ጋሽ ደጀኔ «ሐሙስ አሪቻ ሄጄ የእህቴን ልጅ እጠይቃለሁ፤ የቡና ማጠቢያው ጣቢያ ላይ ነው የሚሠራው» ሲሉ ሰምታ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ቦንቱን «ያን ልጅ ጥሪልኝ» አለቻት። ሴትዮዋ የገዛ ቤቷን ለማሠራት እንደ ሌባ ቀን መረጠች።

ገመቹ የፕላስቲክ ቧንቧውን በትከሻው፣ ቧንቧ በሙቀት የሚያጣብቅበትን ማሽን በቦርሳው ይዞ በሞተር መጣ። ቁም ሳጥኑን ብቻውን ገፋው። ልስኑን ሁለት ሦስቴ ሲመታው ግድግዳው እንደ ራሰ ዳቦ ወረደ። ከውስጥ ምሰሶው ጠቁሮ ታየ። ገመቹ ጣቱን ሰደደበት፤ ጣቱ ገባ።

«ይሄ ቧንቧ ሞታለች እትዬ» አለ፤ አማርኛው ወንድና ሴት ብዙም አይለይ። «መጠገን አያድናትም። ከቆጣሪው ጀምሬ በውጭ በኩል አዲስ እዘረጋለሁ፤ ይሄን ቆርጬ እደፍናለሁ። ዛሬ ያልቃል። ግድግዳው ሲደርቅ ምሰሶ ይቀየርላታል። ቤቱ ትተርፋለች።»

«ትተርፋለች?»

«ለምን አትተርፍም? ገና ጊዜ አለን እኮ።»

መንበረ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም። ለልጁ ምሳ ልትሠራ ወደ ማድ ቤት ሮጠች፤ ሽንኩርት እየከተፈች ታንጎራጉር ነበር። የግቢው በር ተንኳኳ።

ጋሽ ደጀኔ ናቸው። አሪቻ አልሄዱም። ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሁልጊዜ ከእጃቸው የማይለየውን የመሣሪያ ሻንጣ አልያዙም። መንበረ በድንጋጤዋ ይሄን ልብ አላለችውም። ከቤት ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

«ሰው አለ እንዴ?» አሉ።

መንበረ የያዘችውን ቢላዋ ከኋላዋ ደበቀች። እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃት ነበር። አዎ፣ ልጅ አምጥቼ እያሠራሁ ነው ብትል ሰማይ አይናድም።

«ኧረ ቦንቱ ናት ያመጣችው» አለች። «ለእሷ ክፍል ነው፣ እግረ መንገዱን ግድግዳውን ከፈት ከፈት አድርግልን ብዬው እንጂ። እኔማ የምጠብቀው እርስዎን ነበር።»

ጋሽ ደጀኔ ገቡ። ገመቹ ሲያያቸው ብድግ ብሎ እጅ ነሣ፤ በዲላ ቧንቧ የሚሠራ ወጣት አንድም ከእሳቸው፣ አለዚያም ከእሳቸው ከተማረ ሰው ነው የተማረው። ሽማግሌው የተከፈተውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ምሰሶው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ልጁ ከጀመረውማ ይጨርሰው» አሉ ቀስ ብለው።

መንበረ ተቀየሙ አለች በልቧ። 

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ? ገመቹ፣ አንተ ወደ ቦንቱ ክፍል ሂድ የኔ ልጅ። ጋሽ ደጀኔ፣ እርስዎ የጀመሩትን እርስዎ ካልጨረሱልኝ አልወድም።»

«ልጁ ጎበዝ ነው ይባላል፣ መንበረ።»

«ጎበዝ ቢሆንስ? እኔ ከእርስዎ በላይ ማን አለኝ?»

ሽማግሌው ዱላቸውን ጥግ ላይ አስደገፉ። ከዚያ ካፖርታቸውን አወለቁና የገመቹን መፍቻ ተዋሱ። ገመቹ መንበረን አያት፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። እስከ በር ስትሸኘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ እኔ ጋሼ ሥራ ላይ እጄን አላስገባም፤ ነውር ነው» አላት። «ግን ንገሪያቸው። ይሄ ቤት ታዝንብሻለች።»

«እሺ» አለች። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ጋሽ ደጀኔ ቃጫና ሲሚንቶ ከሱቅ አስገዝተው ቀኑን ሙሉ ሠሩ። የዛገውን ብረት አጠበቁ፣ ቃጫ ጨመሩ፣ የተቦረቦረውን በድንጋይና በሲሚንቶ ሞልተው ወፍራም አድርገው ለሰኑት። «እንግዲህ እግዚአብሔር ይያዘው» ብለው፣ ያቀረበችውን ሻይ ሳይነኩ ወጡ። ቦንቱ ከሥራ መጥታ ግድግዳውን ስታይ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። «ምን ነካዎት እትዬ መንበረ? በእጅዎ የገባውን!» መንበረ «አንቺ ገና ልጅ ነሽ» ብላት አለፈች። ግን ያን ቀን ያደረገችውን ራሷም ታውቀዋለች።

የሲሚንቶው ክፋት ማማሩ ነው። ላዩ ደረቀ፣ ነጣ። ውሃው ወደ ውጭ መውጫ ሲያጣ ወደ ታች፣ ወደ መሠረቱ ወረደ። መንበረ በየማለዳው ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች «ደረቅ ነው፣ ደረቅ ነው» ትላለች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የመኝታ ቤቱ በር አልገጥም አለ፤ እንጨቱ በዝናብ አብጦ ነው አለች። ከጣሪያው ጥግ ስንጥቅ ወረደ፤ ካላንደር ሰቀለችበት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የመንበረ ግድግዳ ግን የነቀዘው በዝምታ ነው።

አንድ እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ጋሽ ደጀኔ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ግድግዳው እንዴት ነው?» አሏት።

«እንደ ብረት!» አለች። «እጅዎ ይባረክ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ያላቸው ግን አይመስሉም ነበር። ቆየት ብለው «መንበረ…» ብለው ጀመሩና ሰብሳቢው ጸሎት ሲያስነሡ ተቋረጠ። መንበረም ምን ሊሉ ነበር ብላ አልጠየቀችም፤ ከጠየቀች መናገር ሊመጣ ነዋ።

መጋቢት መገባደጃ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። አንድ ረፋድ መንበረና ሀዲጃ ከገበያ ተመልሰው ከባጃጅ ወርደው ዳገቱን ሲወጡ፣ ከላይ ብዙ ጆንያ ቡና ከመኪና እንደሚራገፍ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሀዲጃ «ያ ረቢ! ምንድን ነው?» አለች። መንበረ አልጠየቀችም። የያዘችውን ዘንቢል መሬት ላይ አስቀምጣ ቆመች።

የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከነማዕዘኑ ወርዷል። ጣሪያው በዚያ በኩል ተንጋዶ ተንጠልጥሏል። አልጋዋ ከነልብሱ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ደግነቱ ሰው አልነበረበትም፣ ተከራዮቹም ሥራ ላይ ነበሩ። ካጎነበሰው ብረት ውሃው አሁንም በቀጭኑ ይንፎለፎላል። ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ ከቀበሌ የመጣ ሰው ዞሮ አይቶ «ማንም እንዳይገባ፣ ይኼኛውም ወገን ይከተላል፤ የጓሮ ክፍሎቹም አይታመኑም» አለ። መንበረ አልጮኸችም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «አለቀልኝ» አለች፤ ለማንም አይደለም የተናገረችው። የሰው ልጅ ከዚህ በላይ ምን ያህል ባዶ ሊሆን እንደሚችል እኔ አላውቅም። ኤልቤቴል በስልክ እያለቀሰች «ነገ እመጣለሁ፣ እማዬ፤ በቃ አሁን ትመጫለሽ» አለቻት፤ እሺ አለች።

ጋሽ ደጀኔ መንገዱን በዱላቸው እየነካኩ ደረሱ። ሀዲጃ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች።

«እርስዎ ደግሞ በዚህ ጭቃ! መንገዱ እንኳ አይታይዎት!» አለች፤ ከዚያ ወደ መንበረ ዞራ፣ ተንኮል ሳይኖርባት፣ «እኔ እኮ የገረመኝ፣ እስከ ዛሬ እሳቸው ነበሩ እንዴ የሚሠሩልሽ? እኛን ‹ዓይኔ ሄዷል፣ ገመቹን ጥሩ› ብለው ከመለሱን ዓመት አለፈው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው ያሉት» አለቻት። ይህን ብላ ለሽማግሌው ወንበር ልታመጣ ሄደች።

መንበረ ቀና ብላ አየቻቸው። ጋሽ ደጀኔ ጎንበስ ብለው የውሃውን ድምፅ እየተከተሉ ብረቱን በእጃቸው አገኙት። ጣታቸው መጋጠሚያው ላይ ሄደ፤ የላላው ቃጫ በእጃቸው ወጣ።

«የእኔ እጅ ነው» አሉ።

«ዝናቡ ነው፣ ጋሽ ደጀኔ።»

«ተይ፣ መንበረ።»

ከሕዝቡ አንዱ «ውሃውን ዝጉት እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ ቆጣሪው ተዘጋ፣ ፉጨቱ ቆመ። ጋሽ ደጀኔ አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። መንበረ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻቸው።

«ለሰው ሁሉ እምቢ ብለው፣ ለእኔ ለምን እሺ አሉኝ?»

«ጥበቡ በሕይወት ቢኖር እምቢ እለው ነበር» አሉ። «ባሏ የሞተባት ሴት ስትጠራኝ ግን ምን ብዬ? ሰው ሲያጣ ናቀኝ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። እየዳበስኩ እመጣለሁ፤ በመጣሁ ቁጥር ምነው ዛሬስ ሌላ ሰው ጠርታ ባገኘኋት እላለሁ።»

መንበረ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ያን ሐሙስ አሪቻ ሳልሄድ የቀረሁት ልነግርሽ ነው» አሉ። «መሣሪያም አልያዝኩ። ስደርስ የልጁን መዶሻ ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ተመስገን፣ ሳልናገር ተገላገልኩ አልኩ። ልጁ ይጨርሰው አልኩሽ እኮ።»

«የተቀየሙኝ መስሎኝ ነዋ!»

«እኔ ደግሞ ‹ከእርስዎ በላይ ማን አለኝ› ስትይኝ፣ እንዴት ብዬ ጥዬሽ ልሂድ?»

 የሚባል ነገር ቢኖር የዚያን ሐሙስ ነበር የሚባለው፤ ቢዘገይ በዚያች እሑድ። አሁን የቀረው ጭቃ ነው። መንበረ ሽማግሌው ላይ ልትጮህ ፈለገች፣ ራሷን ልትመታ ፈለገች፤ ሁለቱንም አላደረገችም። ሀዲጃ ወንበሩን ይዛ መጥታ «ምን አሉሽ?» ስትላት «ምንም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ እያሉኝ ነው» አለች። ጋሽ ደጀኔም «አዎ» አሉ።

በማግሥቱ ኤልቤቴል አነስተኛ የጭነት መኪና ይዛ መጣች። ከቤቱ የተረፈው ዕቃ ግማሹን እንኳ አልሞላውም። መሬቱን የሚጠይቅ የቡና ነጋዴ ከአሁኑ ሁለት ጊዜ ደውሏል። ቦንቱ ዕቃዋን ወደ ጓደኛዋ ቤት አስወስዳ መንበረን አቅፋ አለቀሰች፤ አንድም ቃል አልወቀሰቻትም። የእድሩ ሰዎች ሊሸኟት በር ላይ ቆመዋል፣ ጋሽ ደጀኔም ከመሀላቸው አሉ፤ ዓይናቸው ወደ መኪናው ሳይሆን ወደ አቮካዶው ነው።

ኤልቤቴል ፍርስራሹን ዞራ አየች፤ ብረቱን፣ የተበላውን ምሰሶ፣ የሲሚንቶውን ውፍረት አየች። ፊቷ ቀላ።

«እማዬ፣ ይሄ ዝናብ አይደለም። ሰው ነው እንዲህ ያደረገው። ማን ነው የሠራው? ስሙን ንገሪኝ።»

ሁሉም ይሰማሉ። ጋሽ ደጀኔ ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉ፤ አፋቸውን ሊከፍቱ ነበር። መንበረ ቀደመቻቸው።

«ማንም አይደለም ልጄ» አለች። «ቤቱ አርጅቶ ነው።»

ከዚያ እድርተኞቹን አንድ በአንድ ስማ፣ ልጇ ደግፋት መኪናው ላይ ወጣች።